የእህቴ ሃይብሪድ፣ የቀፎ ተጎታቿና ሌሊት ሌሊት የሚያልቀው ባትሪ

ታላቅ እህቴ ንብ አናቢ ናት። ቀፎ ከቦታ ቦታ የሚጓጓዘው ደግሞ ማታ ነው። ንቦቹ ቀኑን ሙሉ ሲቀስሙ ውለው ሲገቡ፣ የቀፎው በር በወንፊት ይዘጋና ይጫናል። ስለዚህ የእህቴ ተጎታች አስፋልት ላይ የምትወጣው ሁሌም በጨለማ ነው። የተጎታቿ የኋላ መብራት ከጠፋ፣ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ፊቱ ያለውን ነገር የሚያውቀው በጣም ዘግይቶ ነው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ጉዳይ ከሥር ጀምሮ የምጽፈውም ለዚህ ነው። በአዲስ ሃይብሪድ መኪና ላይ ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ መጎተቻው ብረት ነው። ችግር የሚመጣው ግን ከሽቦው ነው።

መኪናዋ ቶዮታ ራቭ 4 ሃይብሪድ ናት፤ ባለአራት ጎማ አንቀሳቃሽ። የፊቱን ጎማ ቤንዚን ሞተሩና የኤሌክትሪክ ሞተር ያንቀሳቅሱታል። የኋላው ጎማ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው። ትልቁ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው «መጎተት ትችላለች ወይ?» ብለን ነው። ይህ ጥያቄ ከሚመስለው በላይ ያደናግራል። ይቺው መኪና ለሰሜን አሜሪካ ስትሸጥ የሚፈቀድላት 1,750 ፓውንድ፣ ማለትም 794 ኪሎ አካባቢ ነው። ለአውሮፓ ስትሸጥ ደግሞ ባለአራት ጎማዋ እስከ 1,650 ኪሎ ይፈቀድላታል፤ ያውም ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ሲኖረው። የእያንዳንዱ ገበያ ደንብና አለካክ ይለያያል። እኛ ትንሹን ቁጥር ያዝን። የእህቴ ተጎታች ፍሬን የላትም፤ ስለዚህ ከትንሹ ቁጥር በላይ የማሰብ መብት አልነበረንም።

ከዚያ መዘንን። ባዶዋ ተጎታች 210 ኪሎ ሆነች። አንድ ቀፎ ከማሩና ከንቦቹ ጋር 32 ኪሎ ገደማ ነው። አሥራ ሁለት ቀፎ ሲጫን 384 ኪሎ ይሆናል። ድምሩ 594። ተስማማን።

አንድ ነገር ልጨምር። የገዛነው መጎተቻ፣ መካኒኮች ጋንቾ የሚሉት ማለቴ ነው፣ ላዩ ላይ 1,588 ኪሎ የሚል ጽሑፍ አለው። ይህን አይተው «እንግዲያው ይህን ያህል እጭናለሁ» የሚሉ ሰዎች አውቃለሁ። አደገኛ ስህተት ነው። ጠንካራ ብረት ስለታሰረባት የመኪናዋ አቅም አይጨምርም። መኪናው፣ መጎተቻው፣ የተጎታቹ አንገት የሚያርፍበት ኳስ እና ተጎታቹ አራቱም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። የሚሠራው ትንሹ ነው።

ብረቱን ራሳችን ገጠምነው፤ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የመኪናዋ ሻሲ ላይ ቀዳዳዎቹ ከፋብሪካ ተዘጋጅተው ነበር። የማርሚታውን ማንጠልጠያ ጎማዎች በሳሙና ውኃ አርጥበን አወለቅን፤ ማርሚታውን በገመድ ደግፈን ትንሽ ዝቅ አደረግነው። ሳይደገፍ ከተለቀቀ ክብደቱ የፊተኛውን መገጣጠሚያ ይጎዳል። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ አስገባን፤ ሁሉም ከያዙ በኋላ በቶርክ ቁልፍ መመሪያው ባዘዘው 102 ኒውተን ሜትር አጠበቅን። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ለካናቸው። አንዱ ሩብ ዙር ያህል ሄደ። አዲስ ብረት አዲስ ቀለም ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል፤ ድጋሚ መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

መኪናዋ ሥር ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ወደ ኋላው ሞተር ይሄዳል። ያ የከፍተኛ ቮልት ገመድ ነው። አይነካም፤ መጎተቻም ሽቦም አይታሰርበትም፤ አጠገቡ ቀዳዳ አይበሳም። ሥራው ገና ሳይጀመር ይህን ለእህቴ በጣቴ እያመለከትኩ አሳየኋት።

ሽቦው ቀረ። እኔ በማግስቱ ለሥራ ረጅም ጉዞ ነበረኝ። «ስመለስ እሠራልሻለሁ» አልኳት። የማር ወቅት ግን አይጠብቅም። እሷም አንድ ጋራዥ ወሰደችው። የሠራው ሰው ልምድ አለው፤ በድሮ መኪኖች ብዙ ሠርቷል። ሥራውን በግማሽ ሰዓት ጨረሰ።

የመጀመሪያው ማታ ችግሩ ታየ። ተጎታቿ ተገናኝታ ፍሬን ስትይዝ የመኪናዋ የኋላ መብራት ደከመ፤ ዳሽቦርዱ ላይም የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ወጣ። ተመልሳ ሄደች። ሰውየው የመኪናዋን የመብራት ምልክት ለተጎታቿ የሚያስተላልፈውን ትንሽ መቀየሪያ ሳጥን በሌላ ዓይነት ተካው። ማስጠንቀቂያው ጠፋ። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጣ፤ ፍሬን ስትይዝ የተጎታቿ ሁለቱም ፍሬቻዎች ደብዘዝ ብለው ይበራሉ። ቀኝ ፍሬቻ ስታሳይ ግራውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። «መብራቶቹ ይጨፍራሉ» አለችኝ በስልክ። አትጎትቺ አልኳት። ተጎታቿን ፈታ አቆመች። መኪናዋንም ለአምስት ቀን አላንቀሳቀሰቻትም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ደወለች። «ወንድሜ፣ መኪናዋ ሞታለች። በሩ እንኳ አይከፈትም።»

በዚያው ሳምንት ተመለስኩ። በሪሞቱ ውስጥ በተደበቀው የብረት ቁልፍ የሹፌሩን በር ከፈትኩ። ባትሪውን ስለካ 8.4 ቮልት አሳየ። ሙሉ የሆነ የ12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ነው። 8.4 ማለት ባዶ ማለት ነው።

እህቴ በጣም የገረማት ይህ ነው። «ከወንበሩ ሥር ያን የሚያህል ባትሪ ተሸክማ እንዴት ትሞታለች?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም የጉዳዩ እምብርት ነው። ትልቁ ባትሪ ከ200 ቮልት በላይ አለው። ግን መኪናዋ ጠፍታ ስትቆም፣ ለደህንነት ሲባል፣ በትልልቅ ሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚከፈቱና በሚዘጉ ማብሪያዎች፣ ከተቀረው መኪና ተቆርጦ ይቀመጣል። እነዚያን ሪሌዎች የሚዘጋቸውና ኮምፒውተሮቹን የሚያነቃቸው ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ በር ተዘግቶበት ይቀራል። ውስጡ እህል ሞልቶ ቁልፉ እንደጠፋበት ጎተራ ነው።

በድሮው መኪና የ12 ቮልት ባትሪ ትልቅ የሚሆነው ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለማዞር ብዙ አምፔር ስለሚሰጥ ነው። በዚህ ዓይነት ሃይብሪድ ሞተሪኖ የለም። ቤንዚን ሞተሩን የሚያዞረው በከፍተኛ ቮልት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ዲናሞም የለም። ትንሹን ባትሪ የሚሞላው የትልቁን ቮልት ወደ 14 ገደማ የሚያወርድ መቀየሪያ ነው፤ እሱም የሚሠራው መኪናዋ ለመሄድ ዝግጁ ሆና ስትበራ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ትንሽ ባትሪ ነው የሚያስቀምጠው። የእህቴ 45 አምፔር ሰዓት ነው። ትንሽ ነገር ቀስ እያለ ቢመጠምጠው ቶሎ ያልቃል።

ባትሪውን በቻርጀር ቀስ ብዬ ሞላሁትና ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ የለካሁት መኪናዋ ተኝታ የምትወስደውን ኃይል ነው። ይህ ልኬት ትዕግሥት ይጠይቃል። የኋላው በር ክፍት ከሆነ መኪናዋ አትተኛም። ስለዚህ የበሩን መቆለፊያ በስክሩድራይቨር ዘጋሁት፤ መኪናዋ በሩ የተዘጋ ይመስላታል። ሪሞቱን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። አጠገቧ ከሆነ እያነቃት ይኖራል። አምፔር መለኪያውን ሽቦው ከመላቀቁ በፊት ጎን ለጎን አገናኘሁት፤ አለዚያ ኃይሉ ይቋረጥና ኮምፒውተሮቹ እንደገና ይነሳሉ፤ ልኬቱም ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ።

280 ሚሊ አምፔር። አንድ አዲስ መኪና ተኝቶ ከ20 እስከ 50 ሚሊ አምፔር ቢወስድ ጤናማ ነው። 280 ትንሽ ይመስላል። በ24 ሰዓት ሲባዛ ግን 6.7 አምፔር ሰዓት ነው። በአምስት ቀን 33 ያልፋል። ከ45 ላይ 33 ሲወጣ የሚቀረው መኪናዋን አያስነሳም።

የተጎታቿን የመብራት መቀየሪያ ሳጥን ፊውዝ ልነቅል ፈለግሁ። ፊውዝ አልነበረም። ቀይ ሽቦው ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ነበር የመጣው። ይህን ሳይ እጄን አቆምኩ። ያ ሽቦ የሆነ ቦታ ላይ ብረት ቢነካ፣ የሚያቆመው ምንም ነገር ሳይኖር ይቀልጣል፤ በዙሪያው ያለውም ምንጣፍና ስፖንጅ ነው። ከጉዳዩ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው። የሞተ ባትሪ ይሞላል። የተቃጠለ መኪና አይመለስም።

ቀይ ሽቦውን ስነቅል ልኬቱ ወደ 30 ሚሊ አምፔር ወረደ። ጥፋተኛው ሳጥኑ ወይም ሳጥኑን እንዳይተኛ ያደረገው ነገር ነው ማለት ነው። መልሼ አገናኘሁና ወደ ሳጥኑ የሚገቡትን የምልክት ሽቦዎች አንድ በአንድ ለካሁ። መብራት ሁሉ ጠፍቶ ሳለ ሁሉም ዜሮ መሆን ነበረባቸው። ግራ ፍሬቻ ዜሮ። ቀኝ ዜሮ። ፍሬን ዜሮ። የኋላ መብራት 3.2 ቮልት።

ከየት መጣ? የግራውን የኋላ መብራት አወለቅኩ። ከኋላው ሽቦ የሚነክሱ የፕላስቲክ ማገናኛዎች ነበሩ። ሽቦ ሳይላጥ ምላሳቸው ላስቲኩን በስቶ መዳቡን የሚነካ ዓይነት ነው። ለፈጣን ሥራ ይመቻሉ። አንደኛው የኋላ መብራቱን ሽቦ ብቻ መንከስ ሲገባው አጠገቡ ያለውን ሌላ ሽቦም ጫር አድርጎታል። ያ ሌላው ሽቦ ደግሞ ሁሌም 12 ቮልት ያለበት ነው። ቦታው እርጥበት ይገባዋል። መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት ወጥቶ ሁለቱን አገናኝቷቸዋል። በዝገቱ በኩል ትንሽ ቮልት ይሻገራል። ሳጥኑ ያንን ሲያይ «መብራት በርቷል» ብሎ ያስባል። ተጎታች በሌለበት፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሊያበራ ነቅቶ ይቀመጣል።

የጨፈሩት መብራቶች ምክንያት ሌላ ነበር። የተጎታቹ መመለሻ፣ እኛ ማሳ የምንለው ነጩ ሽቦ፣ ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ በቪዳ ተይዟል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የያዘው የቪዳው ጥርስ ብቻ ነው። ተጎታቿን አገናኝቼ እህቴን ፍሬን አስያዝኳትና በነጩ ሽቦና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ለካሁ፤ 1.9 ቮልት። ዜሮ ሊጠጋ ይገባው ነበር። የፍሬኑ ኃይል በሚገባ መመለሻ ሲያጣ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ዞሮ ለመመለስ ይሞክራል። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻዎቹ የሚደበዝዙት ለዚህ ነው። መብራት ሲቀላቀል መጀመሪያ ማሳውን ማየት ነው፤ አምፖልና ሳጥን መቀያየር ገንዘብና ጊዜ መጨረስ ነው።

የመጀመሪያው ማታ የመጣው ማስጠንቀቂያስ? እሱም ተገለጠልኝ። መጀመሪያ የተገጠመው ሳጥን ኃይሉን የሚወስደው ከመኪናዋ መብራት ሽቦ ነበር። የተጎታቿ ፍሬን መብራቶች የድሮ ባለ 21 ዋት አምፖሎች ናቸው። ሁለት ሲሆኑ 42 ዋት፣ በ12 ቮልት 3.5 አምፔር። የመኪናዋ መብራት ግን ኤልኢዲ ነው፤ የሚወስደው የዚያን ጥቂት ክፍልፋይ ነው። መስመሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተርም ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። ድንገት ተጨማሪ 3.5 አምፔር ሲጠየቅ ብልሽት አለ ብሎ መጮኹ ተገቢ ነው። እንዲያውም ጠበቃት። ደግነቱ ኮምፒውተሩ አልተቃጠለም።

ሁሉንም አውጥቼ እንደገና ሠራሁት። የተነከሱትን ሽቦዎች ቆርጬ በስታኞ አያያዝኩ፤ ሲሞቅ በሚጠበቅ ላስቲክ ሸፈንኳቸው። ናስትሮ ብቻውን እርጥበት ቦታ ላይ አላምነውም፤ ሙቀት ሲመጣ ይላቀቃል። የመኪናዋን ሽቦ ከእንግዲህ ላለመንካት፣ በመብራቱ ሶኬትና በመብራቱ መካከል የሚገባ ለዚያው መኪና የተሠራ ማገናኛ አመጣሁ። ምንም አይቆረጥም፤ አንድ ቀን ቢፈለግ ተነቅሎ መኪናዋ እንደነበረች ትሆናለች። ከዚያ ማገናኛ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ምልክት ብቻ ነው። ሳጥኑ የመኪናዋን መብራት «በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ኃይል አይወስድባትም።

ኃይሉን ከትንሹ ባትሪ ወሰድኩ። በዚህች መኪና እሱ ያለው ከኋላ በስተቀኝ፣ ከዕቃ መጫኛው ሽፋን ጀርባ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ አጭር ሆነልኝ። ከፖዘቲቩ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ። ፊውዝ ወደ ባትሪው ይጠጋል፤ ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ማሳውን የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ አላሰርኩትም። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ኔጌቲቩ ላይ የሚገባና የሚወጣውን ኃይል የሚቆጥር ሴንሰር አለ። ሽቦ በቀጥታ ምሰሶው ላይ ከታሰረ፣ በሴንሰሩ ሳያልፍ ስለሚሄድ መኪናዋ ሂሳቧ ይሳሳታል። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ማሳ ያሰረበትን ብሎን ፈልጌ፣ ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቄ፣ ከሮንዴላ ጋር አጥብቄ፣ ላዩን በግራሶ ሸፈንኩ።

ወደ ውጭ የሚወጣው ሽቦ ቀድሞ ባለው የጎማ መሸጋገሪያ በኩል ወጣ። ከሶኬቱ በፊት ሽቦውን ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አደረግሁት፤ ውኃ በሽቦው ተከትሎ ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ እዚያ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። አራቱ ሽቦዎች በቀለማቸው ሄዱ፤ ነጭ ማሳ፣ ቡናማ የኋላ መብራት፣ ቢጫ የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻና ፍሬን። የተጎታቿንም ነጭ ሽቦ አየሁት። ጫፉ ተበልቶ መመለሻዋ በከፊል በኳሱ ብረት በኩል ነበር። ኳስ ግራሶ ይቀባል፤ ይዘላል፤ ማሳ አይሆንም። ሽቦውን እስከ ተጎታቿ ሻሲ አደስኩት።

ከዚያ ያንኑ ልኬት ደገምኩ። ፍሬን ተይዞ ማሳው ላይ 0.03 ቮልት። መኪናዋ ተኝታ ከአርባ ደቂቃ በኋላ 32 ሚሊ አምፔር። ሳጥኑ በዚህ ውስጥ የሚወስደው 2 ብቻ ነው።

የቀረው የጭነቱ አደራደር ነበር። የተጎታቿ አንገት ኳሱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላው 10 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ፈለግን፤ ወደ 60 ኪሎ። በቤት ሚዛን ላይ እንጨት አቁመን አንገቷን አሳረፍንበት። 38 ኪሎ ሆነ። አንገቱ ሲቀል ተጎታች በፍጥነት ጊዜ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከጀመረ ደግሞ መኪናውንም ይዞ ይሄዳል። ሁለት ቀፎ ወደ ፊት አመጣን፤ 62 ሆነ። ይህ 62 ኪሎ መኪናዋ ከምትሸከመው ጭነት ላይ እንደሚቀነስ ለእህቴ ነገርኳት። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን የአየር ማስገቢያም አሳየኋት። ትልቁ ባትሪ የሚቀዘቅዘው በዚያ በኩል ነው። ስትጎትት ባትሪው የበለጠ ይሠራል፤ የንብ ልብስና ጆንያ እዚያ ላይ ከተከመረ ይታፈናል። ወደ ኋላ ስትሄድ ተጎታቿን እንቅፋት መስሏቸው የሚጮኹትን ሴንሰሮች ማጥፋትና መመለስም ተለማመደች። ረጅም ቁልቁለት ላይ ባትሪው ከሞላ ኃይል መልሶ መቀበል ያቆማል፤ ያኔ መያዝ ያለበት ፍሬኑና ሞተሩ ነው። ስለዚህ ከመውረዷ በፊት ፍጥነት እንድትቀንስ ተነጋገርን።

በሦስተኛው ማታ አሥራ ሁለቱን ቀፎ ጭነን ወጣን። እሷ ነዳች፤ እኔ በሌላ መኪና ከኋላ ተከተልኩ። መንገዱን ሁሉ ዓይኔን ከተጎታቿ መብራት አልነቀልኩም። ቀኝ ስታሳይ ቀኙ ብቻ በራ። ፍሬን ስትይዝ ሁለቱም እኩል ቀሉ። ደርሰን ስናወርድ ወንፊቱን ገና ሳንከፍተው ንቦቹ ውስጥ ሲያጉረመርሙ ይሰማ ነበር። እህቴ እጇን አንዱ ቀፎ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆመችና «ደህና ገብተዋል» አለች። መኪናዋን ለስምንት ቀን እዚያው አቆመቻት። በዘጠነኛው ጠዋት ደወለችልኝ፤ በአንድ ንኪ ተነስታለች።